ያልለበስኩት ነጭ ቀሚስ

መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሞላሌ

ለልጄ ለአርሴማ፣

የጅንካ ሙቀት እንዴት አድርጎሽ ይሆን? እኛ ዘንድ ብርዱ ዘንድሮ በበጋም አልለቀቀንም። አባትሽ ደህና ናቸው። በጎቹም ደህና ናቸው፤ ያቺ ጆሮ ቆራጣዋ መንታ ወለደች። አክስትሽ አዛለች ቤቷን ትታ እኔ ዘንድ ከርማለች፤ ምላሷን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ አልነገር ብሎኝ ነው። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰው አይጠፋም። አንቺም "ደህና ነሽ?" ትይኛለሽ፣ እኔም "ደህና ነኝ" እላለሁ፣ ከዚያ ስልኩን እንዘጋለን። ስለዚህ ጋደም እያልኩም ቀና እያልኩም ቀስ ብዬ እጽፋለሁ። ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረ እጅ ነውና ጽሕፈቴን ታገሺው።

በጥር ወር "ትንሽ ቀዶ ሕክምና ነበረኝ፣ አሁን ድኛለሁ" ያልኩሽ ትንሽ አልነበረም። ካንሰር ነው። አዲስ አበባ ወስደውኝ ማኅፀኔን አወጡት። አትደንግጪ፣ ቁስሉ ደርቋል። ገና የጨረር ሕክምና ይቀረኛል፤ ተራ እየጠበቅኩ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። የወር አበባዬ ከቆመ ብዙ ጊዜው ነበር። ወንድምሽ ቴዎፍሎስ የተሳፈረበት መኪና ገደል ገብቶ እሱን ቀብረን በተመለስን ሰሞን ደም አየሁ። ድንጋጤው ነው ያወረደው አልኩ። ክፉ መርዶ የሰማች ሴት እንዲህ ይሆናታል ሲባል ከልጅነቴ እሰማ ነበርና ያልፋል ብዬ ተውኩት። አላለፈም። ይቆምና ተመልሶ ይመጣል። ከል ለብሼ ስለነበር ማንም አላየብኝም። ጥቁር ልብስ ምን ያሳያል?

ደም እየፈሰሰኝ ቤተ መቅደስ መግባት ስለማይሆንልኝ ከቅጥሩ ውጭ ከጥዱ ሥር ቆሜ አስቀድስ ነበር። ሰው ግን ይህን በሌላ ተረጎመው፤ "የቄሱ ሚስት በልጇ የተነሣ ከእግዜር ተኳርፋለች" አለ። አባትሽም አንድ ቀን "ጌታነሽ፣ እሱን መቀየም አይገባም" አሉኝ። አልተቀየምኩም እንዳልል፣ ታዲያ ለምን አትገቢም ይሉኛል። ከሐዘኑ ወዲህ እሳቸው መደቡ ላይ፣ እኔ አልጋው ላይ ነበር የምናድረው። ለባል፣ ያውም ለቄስ፣ ይህ እንዴት ተብሎ ይነገራል? ከስቼ ልብሴ ሲሰፋኝም ሐዘኑ ጎዳት ተባለ። እኔም ይሁን ብዬ ከሐዘኑ ጀርባ ተሸሸግሁ።

የሙት ዓመቱን ዕለት መቼም አትረሺውም። ከዚያ ሁሉ አገር ፈቃድ ለምነሽ የመጣሽው ከሌን ልታስወልቂኝ ነበር። ሴቶቹ ጓዳ ውስጥ ውሃ አሙቀው፣ ለራሴ ቅቤ አዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። አንቺም ያንን አረንጓዴ ጥለት ያለውን ነጭ ቀሚስ ከቦርሳሽ አወጣሽ። "እማዬ፣ ነይ ላሳምርሽ" አልሽኝ።

ያን ዕለት ደሙ ብሶብኝ ነበር። ልብሴ ከተገለጠ ጉዴ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ሊወጣ ነው፤ ካህናቱ ከደጅ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። "አላወልቅም" አልኩ። አንቺ ያለቀስኩ መስሎሽ እየሳቅሽ "ኧረ እማዬ፣ ይበቃል" ብለሽ ቁልፌን ልትፈቺ ስትይ ቀሚሱን ገፋሁት፤ መሬት ወደቀ። "እንኳን አንቺ ማንም አያስወልቀኝም!" ብዬ ጮኽኩብሽ።

አንቺም ቀሚሱን አንስተሽ፣ አራግፈሽ፣ "እኔም እኮ ልጅሽ ነኝ። ወይስ ልጅሽ የምሆነው ስሞት ነው?" አልሽኝ።

ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። በማግስቱ ከሞላሌ በሚነሣው አውቶቡስ ሄድሽ። እስከ በሩ እንኳ አልሸኘሁሽም። ተነሥቼ ብቆም የተቀመጥኩበት ያሳጣኛል ብዬ ነው ልጄ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ከኋላሽ አንዲት ቃል ብጠራሽ ኖሮ፣ ጓዳ አስገብቼ ላንቺ ብቻ ባሳይሽ ኖሮ እያልኩ ነው የከረምኩት።

ኅዳር ላይ ገብስ ስናጭድ ወደቅሁ። አዛለች ናት ደግፋ ቤት ያስገባችኝ። ልብሴን ስታወልቅ አየችው።

"እትዬ!" አለች። "ሐዘን ደም አለው እንዴ?"

"ዝም በይ፣ ቄሱ ይሰማሉ" አልኳት።

"ይስሙ! ፍትሐትሽን ሲያደርሱ ሊሰሙ ነው?" ብላ በሩን በርግዳ ወጣች። አባትሽ ገብተው ከአጠገቤ ተቀመጡ። አልተቆጡኝም። "እኔ ኮ በጸሎት ከእግዜር ላስታርቅሽ ነበር የምደክም" አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት።

ያከመችኝ ሐኪም አንቺን የምታህል ልጅ ናት። "እናቴ፣ ይህ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?" አለችኝ። ልጄ ከሞተ ወዲህ አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቀደም ብዬ መጥቼ ቢሆን ቀዶ ሕክምናው ብቻ ይበቃኝ እንደነበር የነገረችኝ በኋላ ነው፤ እኔ ግን ያኔ እስክሪብቶዋን ስታስቀምጥ ገብቶኛል። አሁን ከማኅፀኑ ትንሽ አልፎ ተገኝቷል፤ ጨረሩ ለዚያ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው ስነቃ የወጣውን እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። የሰው አካል ነው፣ ያውም እናንተ ሁለታችሁ የተቀመጣችሁበት፤ አገሬ ወስጄ ከወንድምሽ አጠገብ ላስቀብረው ብዬ ነበር። ለምርመራ ሄዷል አሉኝ። ለአባትሽ ይህን ስነግራቸው "በትንሣኤ ቀን የሚጎድል የለም" አሉኝ። 

ሆስፒታሉ ተራሽ ሲደርስ እንደውላለን ስላለ አባትሽ ጠዋትም ማታም ስልካቸውን ይዘው ጉብታው ላይ ይቆማሉ። መንገደኛው "ቄሱ ከሰማይ ነው ስልክ የሚጠብቁት?" እያለ ያልፋል። ከባድ ነገር አታንሺ ተብያለሁና ውሃውንም በአህያ ጭነው የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። አዛለች አትተዋቸውም። "እትዬ፣ የቄስ ሚስት መሆን ደጉ! ብትሞቺ ሌላ ማግባት አይችሉ። ይኸው ለራሳቸው ሲሉ እንዴት እንደሚንከባከቡሽ!" ትላለች። እሳቸውም "አንቺ ሴትዮ፣ ጄሪካኑን ተቀበይኝና ከዚያ ትሰብኪያለሽ" ይሏታል። ስስቅ ስፌቱን ያመኛል፤ ተዉኝ እያልኩ እስቃለሁ።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ልንገርሽ። ሐኪሟ "ሴት ልጅ አለዎት?" አለችኝ። "አለችኝ" አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። "እንግዲያው ትመርመር፤ ቶሎ ከታየ ይድናል" አለች። አርሴማ፣ ሂጂና ተመርመሪ። ምንም ባያምሽም ሂጂ። አትፈሪ። ሕመምን እንደ እኔ ልብስ አታልብሺው።

ደሙ አሁን ቆሟል። ባለፈው እሑድ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ሴቶቹ እያቀፉ ሳሙኝ፤ "እንኳን ከእግዜር አስታረቀሽ" አሉኝ። እኔ ከእሱ ጋር መቼ ተጣላሁ? የተጣላሁት ካንቺ ጋር ነው።

ቀሚስሽ ሳጥን ውስጥ ነው። ጥለሽው እንዳልሄድሽ፣ አጣጥፈሽ ከአልጋዬ ግርጌ እንዳስቀመጥሽው ያየሁት ከሄድሽ በኋላ ነበር። አዛለች "ልበሺውና ይህን ጥቁር አንድያውን እንገላገለው" ትለኛለች። ከሌ ግን እስካሁን ላዬ ላይ ነው። አሁን የማላወልቀው ምንም የምደብቀው ኖሮ አይደለም። የምታስወልቂኝ አንቺ ነሽ ብዬ ነው።

ነይ ማለቴ አይደለም። ተማሪዎችሽን ጥለሽ አትመጪ፤ መንገዱም አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትመጫለሽ። እኔም ጨረሬን ጨርሼ፣ ወፈር ብዬ እጠብቅሻለሁ። ትናንት ቀሚሱን አውጥቼ በላዬ ዘርግቼ አየሁት፤ ይሰፋኛል። አዛለች በመርፌ ላጥብበው ብትለኝ አይሆንም አልኳት። አንቺ እንዳሰፋሽው ይቆይ።

አባትሽ ነገ ደብረ ብርሃን ስለሚወርዱ ፖስታ ቤት ይጥሉልኛል። መቼ እንደሚደርስሽ እንጃ።

የወለደችሽ ማኅፀን ብትወጣም ምርቃቷ ከላይሽ አይነሣ። የድንግል ልጅ በሄድሽበት ይቅደምልሽ፤ ለልጅ አብቅቶ ያሳይሽ፤ እኔን ካየኝ ሁሉ ይሰውርሽ። አሜን በይ።

ቀኔ ከቀደመሽ አዛለች ታለብሰኛለች። ጥለቱ በፊት በኩል እንዲሆን ነግሬያታለሁ፤ አንቺ ያን ዕለት እንደያዝሽው።

እናትሽ
ጌታነሽ