ፈተናዋ እስኪያልቅ

ጥር 13

ማሞቂያው ዛሬም አልሠራም። የሕንፃው ጠባቂ ሴትዮ መጣች፣ በጫማዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው፣ «ይሞቃል» ብላ ሄደች። መቼ? እሱን አልነገረችንም። ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤ፣ ኮቴን እንደለበስኩ ነው የምጽፈው።

ሳቂታ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ትስቃለች። ምን እንደሚያስቃት እንጃላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እሷ ደግሞ «አክስቴ» ትለኛለች፤ በሃያ አንድ ዓመቴ እንደ ባልቴት ስለምጨነቅ። ልክ ናት። ከዩኒቨርሲቲያችን ለልውውጥ ትምህርት እዚህ የተላክነው ሁለታችን ብቻ ነን። ክፍላችን አንድ፣ ድስታችን አንድ፣ ጃንጥላችን እንኳ አንድ።

ፈተና ደረሰ። እኔ እንደምንም አልፋለሁ። እሷ ግን ባለፈው አንዱን ወድቃለች። ይሄኛውንም ከወደቀች ሻንጣዋን ይዛ እንደምትመለስ ጠርተው ነግረዋታል። የሰማች አትመስልም።

እራት ላይ ስለ ቤት ስናወራ፣ «እኔ እማዬን አስምያት ነው የመጣሁት» አለች።

«ምን ብለሽ?»

«ክፉ ነገር ቢፈጠር እንዳትደብቁኝ ብዬ። "አንቺን ያሳጣኝ" ብላ ማለችልኝ።»

እኔ ጨርሼ እስክመለስ ባልሰማ ይሻለኛል አልኳት። «አይ አክስቴ! ፈሪ!» አለችና ፓስታውን ጠቅልላ ጨረሰችው።

ጥር 15

ወንድሟ ደወለ። በእኔ ስልክ።

ላብራቶሪ ነበርኩ። የአፈር ናሙናዬን ማድረቂያው ውስጥ እንደከተትኩ ኮሪደር ወጣሁ።

«አጠገብሽ ናት?»

«የለችም።»

«ጎሽ። እንግዲህ... አንቺም እህቷ ነሽ...»

ሰው በዚህ ድምፅ ሲጀምር ምን እንደሚከተል ማን ያጣዋል? 

እናታቸው ሞታለች። ከትናንት ወዲያ። ልቧ ነው አሉ። ትናንት ቀበሯት። ከትናንት ወዲያ ማለት... ስለ መሐላው ያወራን ለት።

«ፈተናዋ እስኪያልቅ አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ። አደራ። የደከመችበት ሁሉ ገደል ይገባል። ሲያልቅ ጠዋት በማለዳ፣ ሰው ይዘሽ ንገሪያት። ብቻሽን እንዳትነግሪያት።»

«እኔ?»

«እዚያ ሌላ ማን አላት?»

እሺ አልኩት። ምን ልበል? አደራ ተብዬ እምቢ ልበል? ስመለስ ናሙናው ከልክ በላይ ደርቋል። እንደገና ሀ ብዬ ጀመርኩ።

ጥር 16

«የእማዬ ስልክ አይነሳም» አለችኝ ቁርስ ላይ። ሻዩ ትን አለኝ።

ወንድሟን ጠይቃዋለች። ገጠር እህቷ ጋ ሄዳለች፣ ኔትወርክ የለም ብሏታል። «እማዬ? እሷ ጋ? ዓይኗን ለማየት የማትፈልገው ሴትዮ ጋ ምን ልትሠራ?»

«ሊታረቁ ይሆናላ» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት! ማን ጠየቀኝ? ዝም ብል ምን ነበረበት? ማንኪያዋን ጣለች። «እውነትሽን ነው! ስንት ዓመት ለምኜያታለሁ መሰለሽ... በመጨረሻ!» ተነስታ አቀፈችኝ። እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ምላሴን ይቁረጠው።

ጥር 18

ምግብ አልወርድ አለኝ። ሳቂታ ፍቅር ይዞሻል ትለኛለች። «ማነው? ያ ላብራቶሪ ያለው ረጅሙ ነው? በመሰላል ነዋ የምትስሚው!» እየሳቀች የታጠበውን አንሶላ አጠፈችልኝ፤ ማጠፉ የእኔ ተራ ነበር።

ይዞኛል ብላ ታስብ። ይሻላል።

ጥናቱን ግን ይዛዋለች። ቀን ሙሉ ወንበሯ ላይ ናት። ነገሩ ሲገባት ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች... ባየኋት ቁጥር «አሁን ብነግራት» እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ወንድሟ ይመጣብኛል። አደራ በላ አልባልም።

ጥር 20

ዛሬ የረጅሙ ልደት ነበር። ሁሉም ፎቃችን ላይ ባለው የጋራ ወጥ ቤት ተሰበሰበ። ኬክ፣ ሙዚቃ። አልሄድም አልኩ፣ እጄን ይዛ ጎትታ ወሰደችኝ።

ጨፈረች። ልጅቷ ስትጨፍር ደግሞ ትከሻዋ የእሷ አይመስልም። ሁሉም ክብ ሠርቶ ያጨበጭባል። ስልኳን አቀበለችኝ። «አክስቴ ቅረጪኝ! ለቤት እልካለሁ፣ እማዬ ስትመለስ ታየዋለች።»

ቀረጽኩ። ሌላ ሰው ልስጠው? ተበላሸ ልበል? ያኔ አንዱም አልመጣልኝም። ጥርት አድርጌ ነው የቀረጽኳት። እጄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም... ይሄ ነው የገረመኝ።

እንደላከችው ወንድሟ ወዲያው ደወለልኝ። «ምን እያደረጋችሁ ነው? ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶ! ትንሿ እህቴ ስልኩን ስትከፍተው ዘፈኑ ቤቱን ሞላው!»

እኔም ነደደኝ። «ታዲያ ምን ላድርግ? አትጨፍሪ ልበላት? ለምን ስትለኝስ?»

 «እውነትሽን ነው» አለና አለቀሰ። ትልቅ ሰው ስልክ ላይ ሲያለቅስ ምን ይባላል? «አይዞህ» አልኩት። ምን ዓይነት ከንቱ ቃል ናት።

ጥር 22

ጫማ ገዝታ መጣች። ለእናቷ።

ቡናማ ነው፣ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ከላይ የሚለጠጥ። የእናቷ እግር ያብጣል፤ እዚያ የሚገባት አላገኘችም። «እስቲ አንቺ ለኪልኝ። እሷና አንቺ እግራችሁ አንድ ነው፣ ሰፌድ!»

እግሬን ያመኛል አልኩ። «ኧረ አትሽኮርመሚ!» ብላ ራሷ ተንበርክካ አጠለቀችልኝ። «እስቲ ተራመጂ።»

ተራመድኩ። ከአልጋዬ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ። ልክክ ብሎኛል።

«ይቆረቁራል?»

«አይ።»

«ተረከዙስ? እሷ ተረከዟን ነው የሚያማት።»

«ይመቻል» አልኩ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ስወጣ ጫማውን በወረቀት እየጠቀለለች ታንጎራጉራለች።

አምላኬ፣ ይሄን ፈተና ቶሎ አምጣው።

ጥር 24

ሰው ይዘሽ ንገሪያት አለኝ። የምን ሰው? አገር ቤት ቢሆን ጎረቤት አለ፣ አጎት አለ፣ የሚይዛት አለ። እዚህ ማንን ልያዝ?

ዶክተሩ ጋ ደወልኩ። ገና አልተመረቀም፤ እኛ ነን በቀልድ ዶክተር ያደረግነው። የአገራችን ልጅ ነው፣ ሌላ ከተማ ነው የሚማረው፣ ዕድሜውም ገፋ ያለ ነው። ነገርኩት።

«ልክ ነው ያደረግሽው» አለኝ። «የእኛ ወግ ነው። እኔም የአባቴን የነገሩኝ አራት ወር ቆይተው ነው።»

«ታዲያ... ይቅር አልካቸው?»

«የማለዳው ባቡር ስንት ሰዓት ይደርሳል?» አለኝ።

ከዚያ ጠባቂዋ ጋ ወረድኩ። እሪታ እንደሚኖር ልነግራት ነው፤ በማለዳ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው። ጨርሳ ሰማችኝ።

«አንቺ ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

ነገርኳት። መነጽሯን አወለቀች። «የእኔ እናት ብትሆን በመስኮት ነበር የምወረውርሽ።»

ቢሆንም እመጣለሁ አለች።

ጥር 26

ተፈተነች። ከአዳራሹ እየዘለለች ወጣች። «አክስቴ! ሠራሁት! ይታወቀኛል!» አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አሁንስ ለወንድሜ እነግረዋለሁ፤ ኮረብታም ላይ አውጥቶ ቢሆን እማዬን ያገናኘኝ!»

«ነገ ጠዋት» አልኳት። «ዛሬ ደክሞሻል። ነገ ጠዋት።»

እንቅልፍ ወዲያው ወሰዳት። የመጨረሻ ጥሩ እንቅልፏ ነው ብዬ መብራቱን አጠፋሁላት።

ጥር 27

ተነገራት።

ገና አልነጋም ነበር። ዶክተሩ ጥቁር ኮት ለብሶ ደረሰ። ጠባቂዋ የውሃ ጠርሙስ ይዛ ከኋላችን ቆመች። አንኳኳን... የገዛ ክፍሌን በር አንኳኳሁ።

ፀጉሯ ተንጨብሮ ከፈተች። ሦስታችንን አየች። «ምንድነው? ከዶርም ልታባርሩኝ ነው?» ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ ዓይኗ ዶክተሩ ላይ አረፈ። ሰው በዚህ ሰዓት፣ በባቡር፣ ጥቁር ለብሶ ለምን ይመጣል? ፈገግታዋ እዚያው ደረቀ።

«ማነው?» አለች። «አባዬ ነው?»

ዶክተሩ «እናትሽ» አለ።

እሪ አለች። በሮች ተከፈቱ። ጠባቂዋ ኮሪደሩ መሃል ቆማ ሁሉንም መለሰቻቸው። እኔና ዶክተሩ ያዝናት፤ ደረቷን ስትመታ እጇን ያዝን። ረጅም ሰዓት። ከዚያ ድንገት ቆመች።

«መቼ?»

«በቅርቡ ነው» አለ ዶክተሩ።

«መቼ ነው ያልኩት!» የምታየው እኔን ነው።

ነገርኳት። ቀኑን ነገርኳት።

«ስጨፍር ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ጫማውን ስትለኪስ?»

«አዎ።»

እጇን ከእጄ አወጣች። ድምፅዋ ሲወርድ ይባስ አስፈራኝ።

«እርቁስ? ከእህቷ ጋ ታርቃ ነው የሞተችው አይደል?»

መዋሸት እችል ነበር። አንዴ ጀምሬዋለሁ፣ አንድ «አዎ» ብጨምር ምን ነበረበት? አልቻልኩም።

«እሱን እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አልኳት።

ከዚያ በኋላ አላየችኝም።

ጥር 29

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ሾርባ ሠራሁ፣ አልነካችውም። ጠባቂዋ ያንኑ ሾርባ አሙቃ ስትሰጣት ጠጣችው።

አደራዬን ጠብቄ የለ? ምን አጠፋሁ? ቀኑን ሙሉ ለራሴ እንዲህ እላለሁ። ያኔውኑ ብነግራትም ቀብር አትደርስም ነበር። ዝም ብዬ እላለሁ እንጂ... ልቤ አይቀበለኝም።

የካቲት 2

አልፋለች። በጥሩ ውጤት።

በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳት። ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እያጣጠፈች ነበር፤ ወንድሟ ትኬት ልኮላታል። ትመለሻለሽ? አልኳት። አልመለስም አለች። አባቷንና ትንሿ እህቷን ትታ አትመጣም።

«ማለፉን አልፈሻል እኮ» አልኩ እንደገና፣ እንደ ሞኝ።

«ፈተናውን ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ። ሳትጮህ። «እነሱ ቢያንስ አብረው አለቀሱ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ስስቅ ነበር። አንቺ ፊት።»

ይቅርታ አልኳት። ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሻንጣውን እስከ ታች ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች። ጠባቂዋ ያዘችላት።

ከሄደች በኋላ አልጋዬ ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ጫማው ነው። በላዩ ምንም አልጻፈችበትም። ምን ትጻፍ? ልኬ መሆኑን ታውቃለች።

የካቲት 7

ማሞቂያው ተሠራ። ጠባቂዋ መፍቻ ይዛ መጥታ፣ ጠዋቱን ሙሉ ስትታገል ቆይታ ሠራችው። አሁን ክፍሉ ይሞቃል። ለእኔ ብቻ።

ቤት ደወልኩ። እማዬ አነሳች። «ሁላችንም ደህና ነን፣ አንቺ ትምህርትሽን» ስትል እንደ ወትሮው፣ አቋረጥኳት።

«አባዬን አቅርቢልኝ።»

«ተኝቷል እኮ።»

«ቀስቅሺው።»

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?»

«ቀስቅሺው እማዬ!»

ቀሰቀሰችው። «ምን ጉድ ነው?» አለ በእንቅልፍ ድምፁ። ታናሽ ወንድሜን አስጠራሁ። ኳስ ሜዳ ነው ሲሉኝ እስኪመጣ ስልኩን አልዘጋም አልኩ፤ ተልኮበት እያለከለከ መጣና «እብድ ሆነሻል እንዴ?» አለኝ። ስድቡ እንዴት ጣፈጠኝ! ሁሉም አሉ። ሁሉም አሉ ዛሬ።

ከዚያ እማዬን ብቻዋን ያዝኳት። «ክፉ ነገር ቢመጣ እንዳትደብቂኝ። ፈተና አለባት፣ ሩቅ ናት፣ ብቻዋን ናት እንዳትዪ። በዚያው ቀን ንገሪኝ። ማዪልኝ።»

«ምን ክፉ ታወሪያለሽ? አፍሽን በዳቦ!»

«ማዪልኝ አልኩሽ።»

«እሺ በቃ፣ እሺ የኔ እናት» አለች። «አንቺን ያሳጣኝ።»

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አላመንኳትም።