ፍቺዬን ፍለጋ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

በከፍተኛ ሐዘን ይገለጻል፦ ፔርሙሴ ዛሬ ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟች ከመርካቶ ተገዝቶ፣ ለሠርጌ በስጦታ ተበርክቶ፣ ንብረት በሽማግሌ ስንካፈል ለእኔ የደረሰ ሲሆን፣ በዘመኑ ሁሉ ከባሌ የተሻለ ሙቀት ነበረው። ሥርዓተ ቀብሩ የካ፣ ከቤቴ በላይ ባለው የቆሻሻ ገንዳ ተፈጽሟል።

ቢሮ ሆኜ ይህን ብጽፈው ኃላፊዬ «ትንሽ አሳምሪው፣ ማዕዶት» ይለኝ ነበር። ማስታወቂያ፣ መግለጫ፣ ማስተካከያ... ዕድሜዬን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ቃል ስጽፍ ኖሬ፣ የራሴን የምጽፈው እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው። የራሴም ያንኑ መሰለ እንጂ።

ሌላ ወሬ የለም። ታክሲ ተሰለፍኩ። ዝናቡ ክረምት መውጣቱን አልሰማም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ተክለብርሃን ሞተ። የፈታሁት ባሌ። ልቡ ነው አሉ።

ልብ እንደነበረው አላውቅም ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ቀብር ሄድኩ። የተፈታች ሴት ለቀድሞ ባሏ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች? ማን ይጠየቃል? አዘቅዝቄ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ መለስኩት። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንደገና አዘቀዘቅሁት።

ከኋላ ቆምኩ። አንዲት ሴትዮ ጠጋ አለችኝ። «ምኑ ነሽ?»

«ጎረቤቱ።»

አንድ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ጎረቤት አይባልም?

ናዝሬት ከፊት ናት፤ ሁለት ሰው ደግፏት፣ ድምፅዋ ተዘግቶ። ባሌን ይዛ ካራ የገባችው እሷ ናት። ወንድሙ ሰርፀ፣ እንዳትነካው የፈራ ይመስል፣ ራቅ ብሎ ቆሟል።

አላለቀስኩም። ተረኛ አይደለሁማ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ከቢሮ ስመለስ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። ናዝሬት።

«እትዬ ማዕዶት፣ ይቅርታ... እርስዎን ላስቸግር ነው የመጣሁት።»

እርስዎ! ባሌን ስትወስድ «አንቺ» ነበርኩ። አሥር ዓመት ቆይቼ ሹመት አገኘሁ።

አስገባኋት። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርፀ የካራውን ቤት ልቀቂ ብሏታል። ሚስት አይደለሽም፣ ወረቀት የለሽም፣ ይላታል። እውነቱን ነው፤ ሳይፈራረሙ ነው የኖሩት። እሷም እንደ ባልና ሚስት መኖራችን ይታወቅልኝ ብላ ለፍርድ ቤት አመልክታለች። ዳኛዋ ደግሞ፣ የመጀመሪያ ሚስቱን መፍታቱን የሚያሳይ ውሳኔ አምጪ ብለዋታል።

«ግልባጩ አለዎት?»

«ፍሬም አስገብቼ ሳሎን ሰቅየዋለሁ። አይታይሽም?»

ዞራ ግድግዳውን አየች። የምር አየች፣ ምስኪን።

ግልባጭ የለኝም። መዝገቡን ደግሞ ባለጉዳይ ያልሆነ ሰው ጠይቆ አያወጣውም። ባለጉዳዮቹ ሁለት ነን፤ አንዱ ተቀብሯል። ስለዚህ ባሌን የወሰደችው ሴት ሚስቱ ትባል ዘንድ፣ መፈታቴን በማኅተም አረጋግጬ የማቀርበው እኔ ነኝ ማለት ነው።

«እሺ» አልኳት። ለምን? ስትለምነኝ ማየት ጣመኝ። ይኸው ተጻፈ።

ሻይ አላቀረብኩላትም። ፔርሙስ የለማ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት። መስኮቱ ጋ ያለችው ብርቄ ትባላለች። ሥራዋን ትወዳለች፤ ከሥራዋ ይልቅ ደግሞ ባለጉዳይ ትወዳለች።

«መዝገብ ቁጥር?»

«አላውቀውም።»

«ዳኛው ማን ነበሩ?»

«አላየኋቸውም።»

«የትኛው ችሎት ነበር?»

«አልገባሁም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እቴ፣ የተፋታችሁት በስልክ ነው?»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። አንዱማ ተራውን ረስቶ ወደ ፊት መጣ፣ ፊቴን ሊያይ።

ማመልከቻ ጻፊ አለችኝ። ስሜ እስከ አያት፣ ስሙ እስከ አያት፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የመታወቂያ ኮፒ። ጻፍኩ። ሥራዬ ነዋ! «የፍቺ ውሳኔዬ ግልባጭ ይሰጠኝ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ፍቺ በአክብሮት... ስንፋታ ያጣሁትን ሲገለበጥ ላገኘው።

ሐሙስ ተመለሺ ተባልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

በ2008 አንድ ተክለብርሃን ሚስቱን ፈትቷል። አያቱ ሌላ፣ ሚስቱም ሌላ። ለአንድ አፍታ ቀናሁባት። እሷ እንኳ ፋይል አላት።

በእኛ ስም ግን የለም። ብርቄ ከዚያ በፊት ያለውንም ከዚያ በኋላ ያለውንም አይታለች።

«ጠፍቶ ይሆናላ» አልኳት።

«የጠፋም ቢሆን መከፈቱ ይታያል። የናንተ አልተከፈተም። ወረቀቱን ማን አስገባላችሁ?»

ማን አስገባ? ሽማግሌዎች ፊት ተቀመጥን። «አልጋው ለሷ፣ ቴሌቪዥኑ ለሱ» አሉ። ተስማምተን ተፋተናል ብለን ፈረምን። የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሐዋርያት ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ማጸደቁን ለእኔ ተዉት፤ እናንተ በፍርድ ቤት ደጅ አትንከራተቱ» አሉ። ደስ አለን። ሽማግሌ የጨረሰውን ማን ይከታተላል?

«ሁለታችሁም ሳትቀርቡ ማን ያጸድቀዋል?» አለች ብርቄ። በዚህኛው አልቀለደችም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

እንጦጦ ወጣሁ። ታክሲው እስከሚደርስበት በታክሲ፣ ቀሪውን በባሕር ዛፉ መሃል በእግር፣ በየመታጠፊያው እየተነፈስኩ። አባ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። መስቀል ተሳለምኩ።

«ማዕዶት! ታረቃችሁ?»

«ሞተ እኮ፣ አባ።»

«ሰማሁ፣ ነፍሱን ይማረው። ከመሞቱ በፊት ነው የምልሽ።»

«ያንን ወረቀት ለፍርድ ቤት ሰጡት?»

አንድ አህያ እንጨት ተጭና አለፈች። እስክታልፍ ጠበቋት።

«በቁርባን ያጋባሁትን እኔው ልበትን? ሽማግሌ የሚቀመጠው ለዕርቅ ነው። ግላችሁ ነበር። ትንሽ ይለያዩና ይብረዱ፣ ለፋሲካ ይመለሳሉ ብዬ...»

«ስንት ፋሲካ አለፈ፣ አባ?»

«የናንተ ቁጣ እንዲህ ረጅም መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ወረቀቱስ የታለ?»

«የዚያኑ ዕለት አቃጠልኩት። እንዲህ ያለ ነገር ቤት አይቀመጥም።»

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። «በይ፣ ሳይመሽ ውረጂ፣ ልጄ፤ ቁልቁለቱ ያዳልጣል» አሉኝ። ፍቺዬን ያቃጠለውን እጅ ስሜ ወረድኩ። ሌላ ምን ይደረጋል?

እሑድ፣ ኅዳር 21

መግለጫ። ወይዘሮ ማዕዶት ባሏን ፈትታ እንደማታውቅ ተደርሶበታል። ስለሆነም ከጥቅምት 9 ጀምሮ ሕጋዊ መበለት መሆኗን በታላቅ ኩራት ታስታውቃለች። ልቅሶ ልትደርሱ ያሰባችሁ ረፍዶባችኋል።

አባ ለሰርፀ ነግረውታል መሰለኝ፣ ከቅዳሴ መልስ ከች አለ። አሥር ዓመት መንገድ ላይ ሲያየኝ ስልኩን የሚያነብ ሰው፣ ሙዝ ተሸክሞ!

«የወንድሜ ሚስት! እንዴት ነሽ?»

«የወንድምህ ሚስት ደህና ናት። ትናንት ነው የተወለደችው።»

ሳቀ። ከልቡ አልነበረም። «ስሚኝ፣ ሚስቱ አንቺ ነሽ። የካራው ቤት ግማሹ ያንቺ፣ ግማሹ የኛ የወንድሞቹ። ያቺን እናስወጣታለን።»

«እኔ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ዳኛዋ ፊት ሚስቱ ነኝ ማለት ነው። እየመጣ እኔ ጋ ያድር ነበር ማለት። ናዝሬት ሠራተኛው ነበረች ማለት።»

«ምንም ያልከኝ ይሄን ነው?»

«ያደረገችሽን ረሳሽው?»

አልረሳሁም። ላስብበት አልኩት። ሲወጣ ሙዙን በላሁት። ይጣፍጣል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1

እያሰብኩበት ነው። ዛሬ ካራ ድረስ ሄጄ ቤቱን ከመንገድ ማዶ አየሁት። በረንዳ አለው። እኔ በረንዳ ስለምነው «ነፋስ ያስገባል» ይለኝ ነበር። ለሷ ሠራላት። ነፋሱ ካራ አይደርስም?

ላስወጣት? ደስ ይለኛል። አዎ፣ ደስ ይለኛል። ሰው በገዛ ደብተሩ ላይም ጻድቅ መሆን አለበት እንዴ?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

በናዝሬት መዝገብ ምስክርነቴ ነገ ነው። ሰርፀ ደወለ። «ያልኩሽን እንዳትረሺ። እየመጣ ያድር ነበር።»

መስታወት ፊት ተለማመድኩ። እየመጣ ያድር ነበር... ቢሮ ከዚህ የባሰ ጽፌ አውቃለሁ። ያላለቀ ድልድይ አስመርቄያለሁ። ይሄኛውን ግን ጀምሬ ተውኩት።

ብቻዬን ታምሜ ብቻዬን ዳንኩ። ጣሪያው ሲያፈስ ብቻዬን አስጠገንኩ። እናቴን ስቀብር ደጃፌን አልረገጠም። አሁን እነዚያን ዓመታት ሁሉ «አብሮኝ ነበር» ብዬ ልመርቅለት? ሳይኖራቸው?

ቤቱን ትውሰደው። ዓመቶቼን ግን አልሰጠውም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ማልኩ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ሟች ከእርስዎ ጋር መኖር ያቆሙት መቼ ነው?»

«ጥር 2008።»

«ከዚያ በኋላ ተመልሰው ያውቃሉ?»

«አንዴ።» የሰርፀ ፊት በራ። «ቻርጀር ረስቶ።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ።

«አመልካች ናዝሬትን የሚያውቋት እንደ ምኑ ነው?»

ይሄ አልቀለለኝም። በሠራተኛና በሚስት መካከል ስንት ስም አለ... አንዳንዱን ለአሥር ዓመት ስጠራት ኖሬያለሁ።

«እንደ ሚስቱ» አልኩ።

አባም ተጠርተው መለያየታችንን መሰከሩ። «ነገር ግን እኔ አላፋታኋቸውም፤ ተጽፎ ይያዝልኝ» አሉ። ተያዘላቸው።

ውጭ ሰርፀ ሙዜን መልሺ ማለት ብቻ ነው የቀረው። ናዝሬት ልታመሰግነኝ መጣች።

«ተይው። ላንቺ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

እሱን ነው ያልወደድኩት። ማወቋን።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ውሳኔው ወጣ። ጋብቻችን ከተለያየንበት ከጥር 2008 ጀምሮ እንደፈረሰ ይቆጠራል። ናዝሬት ሚስቱ ነበረች ተብሏል፤ ከቤቷ አትወጣም።

ብርቄ ግልባጩን ማኅተም መትታ ሰጠችኝ። «ይኸው፣ እቴ። አሁን መዝገብ ቁጥር አለሽ።»

ታክሲ ውስጥ አልከፈትኩትም። ቤቴ ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ረጋ ያለ ጽሑፍ ነው፤ አንድም ስድብ የለበትም። «ሟች አቶ ተክለብርሃን» ይላል። ሟች። እስከ ዛሬ በዚህ ስም ጠርቼው አላውቅም።

ማስተካከያ፦ በኅዳር 21 በዚህ ደብተር ላይ «ሕጋዊ መበለት» በሚል የወጣው ስህተት ስለሆነ «ፈት» ተብሎ ይነበብ። መግለጫ ሰጪዋ በጥቅምት 9 ባል እንዳልሞተባት በፍርድ ተረጋግጧል። በመሆኑም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከቤቷ የተሰማው ልቅሶ ምንም ዓይነት ሕጋዊ መሠረት የለውም።