መስተዋቱን ስላጠብኩት፣ ለአስካለ

ለባለቤቴ ለአስካለ፤ ከአፈር በታች ላረፍሽው፣ ከልቤ ግን ላልወረድሽው።

እንደምን አለሽ? ከተለየሽኝ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ላይ ይከዳኛል። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነውና ቶሎ ባልጨርስ አትቆጪኝ። አንድ የምነግርሽ ነገር አለ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው እኔው ብነግርሽ ይሻላል። በፎቶግራፉ መስተዋት ላይ የነበረውን መልክሽን እኔ ራሴ በእጄ አጠፋሁት።

አስቀድሜ የቤቱን ላውራሽ። ጣልያን ያቃጠለውን ቤት መልሰን ሠራነው። የጋራ ሣራችን ጓሳ ለአጨዳ የሚከፈትበት ጊዜ ገና ነበር፤ ሽማግሎቹ ሲከራከሩ ሰንብተው ቤቱ ለተቃጠለበት ሁሉ ይፈቀድ አሉ። ክዳኑን እኔው ወጥቼ ከደንኩት። ልጃችን ጥሩነሽ ከሥር ቆማ «አባባ ይውረዱ፣ ይወድቃሉ» ብትል አልሰማኋትም። ወደቅሁም፤ ግን ከጨረስኩ በኋላ ነው። እሷም ሴት ልጅ ወልዳለች። ስምሽን ላውጣላት ብትል እንቢ አልኩ፤ እኔን አንዲት አስካለ ትበቃኛለች።

አሁን ወደ ነገሬ። ያን ጓሳ ላይ ወፍና ቅጠል ሲሰበስብ የነበረውን ፈረንጅ ታስታውሻለሽ። ሦስት በጋ በቅሎዎቹን ነዳሁለት። የጦርነቱ ወሬ ሲመጣ ተጣድፎ ሄደ፤ ፎቶግራፍ ማንሻውን፣ የመስተዋቶቹን ሣጥንና የመድኃኒቱን ጠርሙሶች ለእኔ ተወልኝ። ነገሩን ቀድሞ አስተምሮኝ ነበር፤ ፀሐይ ሰውየው ላይ ታርፍና ትመለሳለች፣ በማንሻው ዓይን ትገባለች፣ መስተዋቱ ላይ የተቀባውን የብር መድኃኒት ታጠቁረዋለች። አንቺ ይህን ስትሰሚ አማተብሽ። የነፍስ አባታችን መምሬ ኃይሌ ደግሞ «ሥዕል ለቅዱሳን ነው፤ ገበሬ ምን ሊያደርግ ይሣላል?» አሉ። በጥምቀት ግን አዲሱን ካባቸውን ለብሰው ደጃችን ድረስ መጡ። እስቲ አንድ ጊዜ ሞክረኝ ብለው።

የጥጃውን ቤት አጨልሜ መልኩ እንዲወጣ መስተዋቶቹን ሳጥብ አንቺ ውሃው ውስጥ ጠበል ትጨምሪ ነበር፤ እንዳላየሁሽ መስሎሽ። ነፍሳችንን ይዞ እንዳይቀር ብለሽ ነው። ከዚያ በፊት የታጠቡት ሁሉ ዝንብ የጣለባቸው ይመስል ነጠብጣብ ነበራቸው፣ ጠበል የነካው ግን ጥርት ብሎ ወጣ። «አየህ?» አልሽኝ። እኔ የወንዙ ውሃ ደፍርሶ ነው እንጂ ሌላ አይደለም አልኩ። ሦስት ቀን ተኮራርፈን ከረምን። እኅትሽ ዘንድ በሄድሽበት ሰሞን የወንዙን ውሃ በነጠላሽ ሁለት ጊዜ አጥልዬ አንድ መስተዋት አጠብኩ። እሱም ጠራ። እኔ ልክ ነበርኩ፤ ግን አልነገርኩሽም። አንቺን መርታት እንደምወድ አንቺም ታውቂያለሽ። ሆኖም ጠበሉን ስታፈሺ ከንፈርሽ በጸሎት ሲንቀሳቀስ አይቼ ነበር። የፈረንጁ ጥበብ ስለ ውሃው ይናገራል፤ ስለ ከንፈርሽ የነገረኝ የለም።

ከሁሉም የወደድኩት የፋሲካ ማግሥት ያነሳሁትን ነው፤ አንቺና ወንድምሽ ከድንጋይ አጥሩ ሥር የቆማችሁበትን። መስተዋቱ ነጩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ነጭ አድርጎ ሲያሳይሽ ደነገጥሽ። «አንተ ሰውዬ፣ ነጠላዬን አክስለህ ሰው ሳይሞትብኝ ከል አለበስከኝ» አልሽ። ወንድምሽ ደግሞ «እኔንማ ፈረንጅ አደረገኝ፤ ጥርሴ ብቻ ከሰለ» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ፀሐይ አስመትቼ ወረቀት ላይ ያወጣሁላችሁ ከቤቱ ጋር ተቃጠለ። መስተዋቱ ግን ከሌሎቹና ከማንሻው ጋር እህል ጉድጓድ ውስጥ ስለነበር ተረፈ። አንቺ ከሞትሽ ወዲህ መልክሽ የነበረኝ እዚያ ላይ ብቻ ነው። ብርሃን ላይ ይዤ አይሽ ነበር።

እዚያ ላይ ከጎንሽ የቆመው ወንድምሽ ዱር ከገባ ሰንብቷል። ከአራቱ ወንድሞችሽ የትኛው እንደሆነ አልጽፍም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነጋዴ መስሎ በርኖስ ተሸክሞ ዘመሮ ገበያ ይወርዳል፤ ከጣልያን ምሽግ ሥር ይቀመጣል፣ የሚወጣውንና የሚገባውን ይቆጥራል። ስሙን ያውቁታል፤ ፊቱን ግን አያውቁትም። የጣልያኑ አስተርጓሚ የሌላ አገር ሰው ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ አይነግረውም።

እኔ ግን ልነግረው ምንም አልቀረኝ። አንድ ቅዳሜ ጣልያኑ ወታደሮቹን አሰልፎ ፎቶግራፍ ሊያነሳ ይሟሟታል፤ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ማንሻው ዓይን ውስጥ ትገባለች። አላስችል አለኝ። «ፀሐዩን ከጀርባህ አድርግ፤ እንዲህ ከሆነ የምታነሳው ጥላ ነው» አልኩት። አስተርጓሚው እየሳቀ ነገረው። ጣልያኑም ዞረ። «አባቴ፣ ይህን ከየት ያውቃሉ?» አለኝ አስተርጓሚው። እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? «እኔም አለኝ፤ የኔው ይበልጣል» አልኩ፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ። «ማን ማንን አነሱ?» ሲለኝ ሠርገኛውን፣ ካህኑን፣ የባለቤቴን ዘመዶች እያልኩ መቁጠር ጀመርኩ። ከዚያ ዓይኑን አየሁት። መሳቁን ትቶ ነበር። «ሰኞ እንመጣለን፤ መስተዋቶቹን አንድ ሳይቀር ያቅርቡልን» አለ። ይህ ምላስህ አንድ ቀን ቤታችንን ያፈርሳል ስትይኝ የኖርሽው ይኸው ደረሰ።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ በማንም አላመካኝም። እሑድ ጠዋት አሥራ አራቱን መስተዋት ደርድሬ ተቀመጥኩ። እንዳልቀብራቸው፣ የሁሉንም የእህል ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው። ብሰብራቸውም ስባሪው ፊት ያሳያል። ወንድምሽን ብቻ ልፍቅ ቢላዋ አነሳሁ፤ ግን ከጎንሽ የተፋቀ ሰው ካዩ ማነው ብለው የሚይዙት ጥሩነሽን ነው። ደግሞም እሱን በቢላዋ ገፍፌ አንቺን ለራሴ ባስቀር ምን ትይኝ ነበር? ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ውሃ አፈላሁ።

መስተዋቱ የፈላው ውሃ ገበቴ ውስጥ ሲገባ የተቀባው መድኃኒት እንደ ወተት ስልባቦት ተነሳ። አንቺን መጨረሻ አደረግሁሽ። መጀመሪያ የነጠላሽ ጥቁረት ተላቀቀ፣ ከዚያ ፊትሽ ተጨማዶ ዋኘ፣ ከዚያ ጥቁር ውሃ ብቻ ሆነ። ይህ የብር መድኃኒት ዝቃጭ ነው፣ አስካለ አይደለችም አልኩ ለራሴ። አምናለሁም። ነገር ግን ሰው በሚረግጠው መንገድ ላይ መድፋት አልቻልኩም። ገበቴውን ተሸክሜ ከቅዳሴ የወጡትን መምሬን ጠየቅኋቸው። «ነፍሷ እዚህ የለችም፤ እግዚአብሔር በትንሣኤ ቀን እሷን ለመለየት መስተዋት አይሻም» አሉ። ይህን ብለው ሳያበቁ የገበቴውን አንድ ጎን ያዙልኝ። ሁለታችን ይዘን ሄደን መቃብርሽ ግርጌ አፈሰስነው።

ሰኞ መጡ። አስተርጓሚው መስተዋቶቹን እያነሳ ወደ ሰማይ ቢያይ ባዶ ነው። «ሰዎቹ የታሉ?» አለኝ። «እርጥበት በላቸው። ቤቴን ባታቃጥሉት ኖሮ በደረቅ ቦታ አኖራቸው ነበር» አልኩት። በጥፊ መታኝ፤ ፎቶግራፍ ማንሻውንም ወሰዱት። ይውሰዱት።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። ወንድምሽ በርኖሱን ዘርግቶ ተቀምጧል። አስተርጓሚው አንዱን አንስቶ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይለካል፤ ወንድምሽም እጥፋቱን ያስተካክልለታል። ሳልፍ ቀና ብሎ «አባቴ፣ በርኖስ አይገዙም?» አለኝ፣ እንደማያውቀኝ። «ጨርቅህ ስስ ነው፤ ብርድ አይመልስም» አልኩትና አለፍኩ። ከኋላዬ ሲስቅ ሰማሁት።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ መቃብርሽ ራስጌ ካለው ድንጋይ ሥር አኖረዋለሁ። አንዲት የወረቀት ቅጠል ብቻ ለራሴ አስቀራለሁ፤ የጻፍኩባት ይህን ነው። አስካለ ጠይም ናት። ግራ ቅንድቧ ላይ ማጭድ የቆረጣት ጠባሳ አለ። ስትስቅ ቀኝ ዓይኗ ቀድሞ ይከደናል። አንገቷ ላይ ሦስት መስመር ንቅሳት አላት፤ ሦስተኛው ጠማማ ነው፣ ሲነቅሷት አስነጥሳ። ልትቆጣ ስትል አገጯን ወደ ላይ ታነሳለች። ከሥር ገና ቦታ አለ፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር እጨምራለሁ።

በልጅነቴ ዳዊትን በቃሌ መያዝ አቅቶኝ ከየኔታ ዘንድ ኮብልያለሁ። አንቺን ግን እይዝሻለሁ፤ በየጠዋቱ፣ አንድ ቃል ሳልዘል፣ አንደበቴ እስኪዘጋ ድረስ።