ስኳሬ አልወረደም ነበር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? አክስታችንስ እንዴት ናቸው? እግራቸው መርገጥ ጀመረ ወይስ አሁንም አልጋ ላይ ሆነው ቤቱን ሁሉ ያዝዙታል? ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ይህችን ቃል ሳልዋሽሽ ስጽፋት የመጀመሪያዬ ናትና ልድገማት፤ ደህና ነኝ፣ በጣም ደህና ነኝ።

ሆዴ ውስጥ የተከሉልኝ ሴሎች፣ ተከራዮቹም፣ ሰላም ብለውሻል። ስም ያወጣሽላቸው አንቺ ነሽና አስቀድሜ የእነሱን ወሬ ልንገርሽ። ሰኞ ለምርመራ ብቻዬን ሄድኩ። ስፌቱ አይፈታም ወይ እያልሽ ያሰለቸሻት ነርስ ገና ስታየኝ ዛሬ ጠባቂህን የት ጥለሃት መጣህ አለችኝ። ሐኪሙ ሆዴን ዳበሰ፣ የደሙን ውጤት አገላብጦ አየና ፊቱ ፈካ። ሴሎቹ በሕይወት አሉ፣ ኢንሱሊኑንም ያመነጫሉ፣ ሰውነትህም አልደረሰባቸውም አለኝ። ሳላስበው እጁን ይዤ ሳምኩት። ሰውየው አፈረ፣ እኔ ግን ምንም አላፈርኩም።

ላስረዳሽ ስል ጆሮሽን ይዘሽ የሸሸሽውን ነገር አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ሴሎቹ የሌላ ሰው ናቸው፤ ነፍሱን ይማርና የማላውቀው ሰው ሲሞት ቤተሰቦቹ ለሌላ ይትረፍ ብለው የሰጡት። ሰውነት ደግሞ ባዕድ አይወድም፤ ወታደሮቹን ልኮ ያጠፋዋል። ድሮ መፍትሔው ወታደሮቹን በመድኃኒት ማስተኛት ነበር፤ እነሱ ሲተኙ ግን ሌላው በሽታ ሁሉ ዘው ብሎ ይገባል። የእኔዎቹን ከክብሪት ቀፎ በማትበልጥ ስስ ከረጢት አድርገው ከሆዴ ቆዳ ሥር አስቀመጧቸው። ነርሷ እንዳለችው ከረጢቷ እንደ መስኮት ወንፊት ናት፤ ነፋስ ታስገባለች፣ ትንኝ አታስገባም። ስኳርና አየር ይገባል፣ ኢንሱሊን ይወጣል፣ ወታደሮቹ ውጭ ይቀራሉ። በቃ ይኸው ነው። እኔም ኪራዩን ሳይጠየቅ የሚከፍል ተከራይ አገኘሁ።

እትዬ፣ እኛ ቤት ለእኔ መቆጣት አልተፈቀደም ነበር፣ ትዝ ይልሻል? ልጅ ሳለሁ ስኳሬ ሲወርድ ላብ ሳያልበኝ፣ እጄም ሳይንቀጠቀጥ አስቀድሜ እነጫነጫለሁ። አንቺ ይህን ከነቃሽበት ወዲህ ቃሌን ሳልጨርስ ከረሜላ ነው። ኳስ ሜዳ ተበደልኩ ብዬ ስመጣ ከረሜላ። አባባ ጫማ አልገዛልህም ሲለኝ ባኮርፍ ከረሜላ። ጎልምሼ የራሴን ፀጉር ቤት ከፍቼ እንኳ፣ ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ድምፄን ከጓዳ ትሰሚና መጥተሽ ሰው ፊት ታጎርሺኛለሽ። ደንበኞቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ያ ከረሜላ ባይኖር ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ወንድም አይኖርሽም ነበር። ልጅነትሽ በእኔ መርፌና ጥጥ አለቀ፤ እግዜር ይስጥልኝ ማለት እንደማይበቃ አውቃለሁ፣ ሌላ ቃል ግን አላገኘሁም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አክስታችንን ልታስታምሚ የሄድሽ ዕለት ጠዋት ሻንጣሽን እየዘጋሽ፣ ያ የረጅም መንገድ አውቶብስ ሾፌር እንጋባ ብሎሽ እምቢ እንዳልሽው እንደ ዋዛ ነገርሽኝ። ለምን ስልሽ አንተን ለማን ጥዬ አልሽ። ያኔ ጮህኩ። ሰበብሽ መሆን ሰለቸኝ፣ ሰውየውን ትወጂዋለሽ፣ አውቶብሱ ሲያልፍ ሥራሽን ጥለሽ መስኮት ላይ ትቆሚያለሽ፣ እኔ የምትጠብቂው የቤት ዕቃ አይደለሁም አልኩሽ። አንቺ ምን አደረግሽ? ወይ ጉድ፣ ስኳሩ ወረደ ብለሽ ከቦርሳሽ ከረሜላ አውጥተሽ አፌ ውስጥ ወሸቅሽው፣ ግንባሬን ሳምሽኝና የእሱን አውቶብስ ሸሽተሽ የማለዳውን ለመያዝ ሮጥሽ።

ከረሜላውን ተፋሁት። እጄን ታጥቤ ጣቴን ወጋሁና ለካሁ። ልክ ነበር፤ የጤነኛ ሰው ስኳር። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በሌላው ጣቴ ደገምኩት፣ ያው ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ እንባዬ መጣ። እትዬ፣ ስኳሬ አልወረደም ነበር። የተቆጣሁት እኔው ራሴ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የራሴ ቁጣ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም ነበር፤ ለካ አለኝ፣ ያውም ቁርጥ የአባባን። ስለዚህ ያን ቀን ያልኩሽን ሁሉ ስኳሩ ነው ብለሽ እንዳትተዪው። አንድም ቃል አላጥፍም።

የምደብቅሽ ነገር የለም። ሴሎቹ እስከ መቼ ይቆያሉ ብዬ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። እሱን እርግጠኛ ሆኜ አልነግርህም፣ ሲደክሙ ግን ከረጢቷን አውጥተን በሌላ እንተካለን አለኝ። እስከዚያው ክንዴ ላይ የለጠፏት ማስጠንቀቂያ ስኳሬ ከወረደ ትጮኻለች፣ ከረሜላም ከኪሴ አይጠፋም። እንቅልፌን ለማዳመጥ ከግድግዳዬ ጋር ያጣበቅሽውን አልጋሽን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። ስትመጪ ትቆጪኛለሽ። ተቆጪ፣ እኔ ከረሜላ አላጎርስሽም።

ደብዳቤውን በፖስታ አልላክሁትም። ያመጣልሽ ሰው የአውቶብሱ መንገድ በዚያ ስለሆነ እሺ አለኝ፤ ምን እንደተጻፈበት አያውቅም። ጠዋት ፀጉሩን አስተካክዬለታለሁ፣ ጢሙንም፣ ስኳሬ ድንገት ቢወርድ እጄ ይስታል ብዬ ፈርቼ ነክቼው በማላውቀው ምላጭ ላጨሁት፤ አንድ ቦታ እንኳ አልቆረጥኩትም። የግራው ጎን ትንሽ ከተዛባ ወሬ ስላበዛሁ ነውና በእሱ አትፍረጂ። መልስ ሳትቀበል እንዳትመለስ ብዬዋለሁ።

ለእኔ የለመንሽውን ዕድሜና ጤና እጥፍ አድርጎ ለአንቺ ይስጥሽ። ደጅሽ የደስታ ይሁን። ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ሰውየው በር ላይ ቆሞ ይሆናል። እባክሽ፣ ግባ በይው።

በከረሜላ ያሳደግሽው
ታናሽ ወንድምሽ