ስለ እናቴ ሰማያዊ ቤት ለከተማችን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የከተማችን ማዘጋጃ ቤት ሥራ አስኪያጅ፣
ካሉበት ይድረስ።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ክረምቱ ጉልበትዎን እንዳይነካው፣ ቤተሰብዎም በሰላም ወጥቶ በሰላም እንዲገባ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። የእናቴን ጤንነት ግን ለጊዜው እንዳይጠይቁኝ፤ እርሱን በቦታው እደርስበታለሁ።

ስሜ ፍቅርተ ሥዩም ይባላል፤ በጤና ጣቢያው ነርስ ነኝ። ምናልባት ትንሹን ልጅዎን ያስከተቡ ዕለት አይተውኝ ይሆናል። በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ደጋግሜ ቢሮዎ በር ላይ ብቆም ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ስለነገረችኝ ነው። ስብሰባው ስለ ከተማዋ ውበት እንደነበር በኋላ ስሰማ ቅሬታዬ ሁሉ ጠፋ።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለዚሁ ውበት ነው። እርስዎ እስኪሾሙልን ድረስ ዋናው መንገዳችን ሥርዓት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ከላይ በኩል በንጉሡ ዘመን የተሠሩት ቤቶች አሉ፤ ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ፣ መስኮታቸው የሳንቃ መዝጊያ ያለው፣ መስቀል ሲደርስ ኖራ የሚቀቡ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ የደርግ ጊዜ የቀበሌ ቤቶች ይመጣሉ፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ። ከታች ደግሞ የቅርብ ጊዜዎቹ የብሎኬት ቤቶች ናቸው፤ ፊታቸው በሴራሚክ የተለበጠ። ሰው ሁሉ እንደ ዘመኑና እንደ አቅሙ ቀብቶ ይኖር ነበር። እርስዎ ግን ትልልቅ እንግዶች ሊመጡ ነው ብለው፣ መንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ግድግዳውም በሩም በአንድ ዓይነት ግራጫ እንዲቀባ አዘዙ። አሁን ከአርብ ገበያ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ከተማዋን ከሩቅ ሲያያት ጉም የወረደባት ይመስለዋል። ለዚህ ድካምዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛው ስለ አሠራሩ ነው። የጭቃ ግድግዳ ኖራ እንጂ የፕላስቲክ ቀለም እንደማይስማማው የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም፤ ቢሆንም ለብሎኬቱ የመጣው ቀለም ለጭቃውም ተለቀለቀ። ሐምሌ ሳይጋመስ የእኛ ሰፈር ግድግዳ እንደተቃጠለ ቆዳ አብጦ ተላጠ። እኔ በሥራዬ ቁስል ማየት የለመድኩ ስለሆንኩ ይህን እንደ ትልቅ በደል አልቆጥረውም።

ሦስተኛው እናቴ ናት። ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን እተወዋለሁ።

አባቴ መምህር ሥዩም በልጅነቱ በቤተ ልሔም የአብነት ትምህርት ቤት ድጓ ሲማር ቆይቶ፣ ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ገብቶ አስተማሪ የሆነ ሰው ነበር። እናቴን ዓለሚቱን ከስማዳ አግብቶ ሲያመጣት ይህን ቤት ሠራላት። ምን ዓይነት ቀለም ትወጃለሽ ብሎ ቢጠይቃት፣ የመስከረምን ሰማይ አሳየችው ይባላል። እርሱም ኖራውን ከሰማያዊ ዱቄት ጋር በጥብጦ በእጁ ቀባላት። እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ራሱ ያድሰው ነበር፤ ከሞተ በኋላ ቀለም ቀቢው ደምሌ እየመጣ ያድስላት ጀመር። በከተማው ሌላ ሰማያዊ ቤት አልነበረም። ሰው አድራሻ ሲነግር እንኳ ከሰማያዊው ቤት አለፍ ብሎ እያለ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እናቴ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ በዓሉና ጾሙ፣ በመጨረሻ የእኔ ስም ጠፋት። ብዙ ጊዜ በሟች እህቷ በስንዱ ስም ትጠራኛለች፤ እኔም አቤት እላታለሁ። ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድና ሰማያዊው ቤቷ ግን አልጠፏትም። ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ሰማያዊውን ታያለች፤ ትገባለች። ሥራዬን ተረጋግቼ የምሠራውም ይህን ስለማውቅ ነበር።

ቀቢዎችዎ እኛ ቤት የደረሱት እኔ ሥራ ላይ፣ እርሷ ቤተ ክርስቲያን ሳለን ነው። ከቅዳሴ ስትመለስ ቤቷን አልፋው ሄደች። የብሎኬት ቤቶቹን በር እያንኳኳች የመምህር ሥዩም ቤት የት ነው ብላ ጠየቀች። አንዷ ጎረቤት እጇን ይዛ መልሳ በራችን ላይ አቆመቻት፤ እናቴም ግድግዳውን ቀና ብላ አይታ፣ የለም የእኛ ሰማያዊ ነው ብላ፣ ጎረቤቲቱን አመስግና መንገዷን ቀጠለች። ከከተማው ወጥታ ከአውድማዎቹ ማዶ፣ ዝናብ እየወረደባት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ያገኛት ደጉ የሚባል ከገበያ የሚመለስ ገበሬ ነው። ጋቢውን አልብሶ፣ በአህያው አስቀምጦ ጤና ጣቢያ ድረስ አመጣልኝ። ጫማዋ በእጇ ነበር። ስታየኝ አለቀሰች።

«ስንዱዬ፣ ቤቴን ወሰዱብኝ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆነች። አልጋዋ አልጋዋ ነው፤ የአባቴ ፎቶግራፍም ግድግዳው ላይ ነው። እርሷ ግን ይህ ደግ ሰው ማን ቢሆን ነው የባሌን ፎቶ የሰቀለ ትለኛለች። ምግብ ሳቀርብላት እንደ እንግዳ ጥቂት ቀምሳ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላ እጇን ትሰበስባለች። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ነጠላዋን ታነሣና፣ ከዚህ በላይ ማስቸገር አልፈልግም፣ ባለቤቴ ከትምህርት ቤት የሚመለስበት ሰዓት ነው ትላለች። በር ዘግቼ ስከለክላት ትፈራኝ ጀመር። እናትዎ ፈርታዎት ታውቃለች? እንዳይገጥምዎ እጸልያለሁ።

ያን ጊዜ ነው፣ ስብሰባዎ አንድ ቀን ተጠናቆልኝ፣ ቢሮዎ የገባሁት። ምንጣፍዎ ላይ ቆሜ፣ ግድግዳው እንደፈለጋችሁት ይሁን፣ በሩ ብቻ ወደ ሰማያዊ ይመለስልኝ ብዬ ለመንኩዎ። እርስዎም ከስልክዎ ቀና ሳይሉ መለሱልኝ።

«ለአንዲት አሮጊት ተብሎ ከተማ ዥንጉርጉር አይሆንም። ደግሞስ ሁሉን ለረሳ ሰው ቀለም ምን ያደርግለታል?»

ጥያቄዎ ተገቢ ነበር፤ መልሱን ይዤልዎ መጥቻለሁ። በማግስቱ ሰማያዊ ቀለም ገዝቼ በሩን ራሴ ቀባሁት። እጄ ለመርፌ እንጂ ለብሩሽ አልለመደም፤ ግማሹ ቀለም ደፉ ላይ ተንጠባጠበ። ሲደርቅ እናቴን በጓሮ አውጥቼ፣ ዞረን በመንገዱ በኩል አመጣኋት። ከሩቅ አየችው። እጄን ለቀቀችና ፈጠን ፈጠን እያለች ሄዳ፣ በሩን በሁለት መዳፏ ዳሰሰችው፤ ተሳለመችው፤ ገባች። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ግራና ቀኝ ካየች በኋላ፣ «ፍቅርተ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ የት ጥለሽኝ ነው?» አለችኝ። በስሜ ጠራችኝ፤ ስንዱ አላለችኝም። ከጠራችኝ ስንት ጊዜ ሆኗት እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ሁሉን ለረሳ ሰው ቀለም የሚያደርግለት ይህን ነው።

የሰማያዊው በር ዕድሜ ሳምንት አልሞላም። የደንብ ማስከበር ሠራተኞችዎ ግራጫውን ቀለም ይዘው መጡ፤ ደምሌንም አስከትለው ነበር። ደምሌ ብሩሹን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ በዚህ በር ላይ እጄን አላነሣም ብሎ ሄደ። ከሠራተኞቹ አንድ ወጣት ቀባው። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታየው ነበር። አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። ልጁ ሲጨርስ እንደተቀመጠች ቀና ብላ፣ ልጄ፣ የዚህን ቤት ሰዎች ታውቃቸዋለህ ብላ ጠየቀችው። እርሱም ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

በመጨረሻ ወንድሟን መሪጌታ ዘመነን ከቤተ ልሔም አስጠራሁ። አጎቴን ወዲያው ለየችው፤ እጁን ስማ፣ መጣህልኝ፣ በል ቤቴ አድርሰኝ አለችው። ይህ ቤትሽ ነው ብሎ ሊያስረዳት ሞከረ። እርሷም በትዕግሥት ሰማችውና፣ «ዘመነ፣ አንተ እንኳ ትዋሸኛለህ?» አለችው። አጎቴ ሊቅ ነው፤ ብዙ ጉባኤ ላይ መልስ ሲሰጥ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ክንዷን ይዞ በመንገዱ ላይ ወጣ። ላይ ታች ሲሉ ዋሉ፤ እርሷ ከቤት ወደ ቤት እያየች፣ ይኼ አይደለም፣ ይኼም አይደለም እያለች። ደክሟት ሲመለሱ ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልተነሣችም።

ያረፈችው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። አጎቴ ራስጌዋ ላይ ዳዊት እየደገመ፣ እኔ እጇን ይዤ። ዓይኗን ገልጣ ሁለታችንንም አየችን። ስላስተናገዳችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ብዙ ተቀመጥኩባችሁ፣ አሁንስ ልሂድ ብላ ይቅርታ ጠየቀችን። እማዬ ቤትሽ ነሽ አልኳት። ፈገግ አለችልኝ፤ ሰው የማያውቀውን ሰው ላለማስከፋት ፈገግ እንደሚለው። የተወለድኩበት፣ አባቴ የሠራላት፣ እኔን ያሳደገችበት ክፍል ውስጥ እንግዳ ሆና ሞተች።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እንዲከሱኝም እንዲክሱኝም አልጻፍኩልዎትም። ከተማችንን ለማሳመር ሌት ተቀን የሚደክሙት እርስዎ፣ ሥራዎ ከየበሩ ጀርባ ምን እንደሠራ ሳይነገርዎት ቢቀር ነውር ይሆንብኛል ብዬ ነው። ማታ ወደ ቤትዎ ሲመለሱ በርዎን ሳይጠይቁ የሚያውቁ፣ ገብተውም በስምዎ የሚጠሩ ያድርግዎ፤ ዕድሜዎ ይርዘም፤ ርዝመቱም ከማስታወስ ጋር ይሁንልዎ።

በታላቅ አክብሮት፣ ከግራጫዎቹ ቤቶች በአንዱ የምትኖር፣ የትኛው እንደሆነ ግን ለሰው ማስረዳት የቸገራት፣
ፍቅርተ ሥዩም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፎ አነበብኩ። ግራጫው ከተማዋን ስላጨለማት ከመጪው ዓመት ጀምሮ ቤቶች ሁሉ ክሬም ቀለም እንዲቀቡ ተወስኗል ይላል። ሐሳብዎን መለወጥ እንደሚችሉ ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእኛን በር እንዳመቸዎ ያስቀቡት፤ ከእንግዲህ የሚጠፋበት ሰው የለም።