በፊት በር የገባችው ልጅ

ውድ እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን እሺ አለሽ ወይስ ዛሬም እንደ ቀበጥ ልጅ እየለመንሽው ነው የምትወጪው? የግፊት መድኃኒትሽን «ሲያመኝ ነው የምውጠው» ማለቱን ካላቆምሽ ከዚህ በታች የሚመጣው ነገር ሳይደርስ በዚሁ እንጣላለን። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሳል ይዞኝ ነበር፣ አሁን ለቀቀኝ። የጠመኔ ብናኝ ነው ይሉኛል፤ እኔ የርዕሰ መምህራችን ስብሰባ ነው እላለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ስላልሆነልኝ ነው። አደራ፣ ለጎረቤት አታስነብቢ። በርሽን ዝጊና መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ እያልሽ ራስሽ አንብቢው። ስትጨርሺ አንድ ነገር ብቻ ትመልሺልኛለሽ፤ በመጪው ወር የመጀመሪያው እሑድ እዚህ ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም? ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

የማስተምርበት የታሪክ መጽሐፍ ስለ እኛ ስለ ታች ሰፈር ሰዎች መብት ያለው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። «ጥያቄው ከጊዜ በኋላ መልስ አገኘ» ይላል። በቃ። ማን ጠየቀ፣ ማን ተደበደበ፣ ማን መለሰ የለም። ጥያቄው በገዛ እግሩ ሄዶ መልሱን ገዝቶ የተመለሰ ነው የሚመስለው። ስንት ዓመት ሲያበሽቀኝ ኖሮ ዘንድሮ ዝም የምለው ምን ቆርጦኝ ነው አልኩና፣ በትግሉ ውስጥ ያለፉ ሰዎችን ክፍል ድረስ እየጋበዝኩ ተማሪዎቼን ከአፋቸው ማሰማት ጀመርኩ። ርዕሰ መምህሩ «ነገር እንዳታመጪብን» አለኝ። ነገሩ ድሮውንም መጥቷል፣ እኛ ነን ያልነበርነው አልኩት። ታውቂው የለ አፌን።

በክፍላችን አንድ ሕግ አለ። እንግዳው ተናግሮ ይሄዳል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ አንድ ተማሪ ይነሳና የሰማውን ታሪክ «እኔ» እያለ ለባለቤቱ መልሶ ይነግረዋል። እኔ እንዲህ ሆንኩ፣ እኔ እንዲህ አደረግሁ ይላል። ባለቤቱ «አዎ፣ እንዲህ ነበር» እስኪለው ድረስ አይቀመጥም። ያልሰሙትን መጨመር ክልክል ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ደግሞ፣ ዱላ ያነሳውም ሳይቀር፣ «እኔ» የሚልለት ተማሪ ሊያገኝ ይገባል። ልጆቹ መጀመሪያ ቲያትር መስሏቸው ይሳሳቁ ነበር።

ባለፈው ወር የጋበዝኳቸው አሮጊት የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሠራተኛ የነበሩ ናቸው። አንቺ የሠራሽበት ማጠቢያ ቤት። ስማቸውን አልጽፍልሽም፣ ከነገሩ ታውቂያቸዋለሽ። ልጆቹ እማማ ይሏቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። የማን ልጅ እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። ሲጨርሱ ብድግ ብዬ «እናቴ እኮ ከእርስዎ ጋር ነው የሠራችው!» ልላቸው፣ እሳቸው እልል ብለው ሊያቅፉኝ፣ ልጆቹ ሊያጨበጭቡ፤ እንዲህ አድርጌ ነበር ያሰብኩት። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ቸኩዬ ነው የዋልኩት።

የነገሩንን አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ግን ልጆቹ የሰሙትን ያህል ልጻፍልሽ። ያኔ የታች ሰፈር ሰው በሆስፒታሉ የፊት በር አይገባም። ከጓሮ ባለው የቆርቆሮ ክፍል ተራ ይዞ ይቀመጣል፤ አልጋ የሚባል ነገር አያገኝም። የአልጋውን አንሶላ የሚያጥቡት ግን የታች ሰፈር ሴቶች ናቸው። «ልጆቻችን የማይተኙበትን አንሶላ ስናጥብ ኖርን» አሉ። አንድ ቀን ከመካከላቸው የአንዷ ልጅ በዚያ ቆርቆሮ ቤት ተራ ስትጠብቅ እቅፏ ላይ አረፈችባት። ከዚያ በኋላ መከሩ። ሥራ ቢያቆሙ በማግስቱ ሌላ እንደሚቀጠር ያውቃሉ። ስለዚህ አላቆሙም። አጠቡ፣ አለቀለቁ፣ ግን ሳይጨምቁና ሳያሰጡ ውሃው እየተንጠባጠበ በጋሪ ወደየክፍሉ ላኩት። «እጠቡ ነው የተባልነው፣ አጠብን» አሉ። «የፊት በሩ ለእኛም ልጆች ይከፈት፣ አንሶላው ያን ጊዜ ይደርቃል» አሉ። እዚህ ላይ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፣ እማማም አብረው ሳቁ። ሲስቁ እንዴት እንደሚያምሩ!

ከዚያ ጥበቃዎቹ ሐሳቡን ማን እንዳመጣው እየዞሩ ጠየቁ፣ አስፈራሩ፣ መቱ። ማንም አልተነፈሰም። በኋላ ግን አንድ ጠዋት ማንንም ሳይጠይቁ ቀጥ ብለው ገብተው ሦስት ሴቶች ለይተው ወሰዱ። አንዷ እማማ ናቸው። ከሦስቱ አንዷ ከእስር ቤት አልወጣችም። የፊት በሩም ለዓመታት አልተከፈተም።

አንዲት ተማሪ አለችኝ፣ ጠበቃዋ እንላታለን፤ ነገር ከያዘች አትለቅም። «ማን ነው የተናገረባችሁ?» አለቻቸው። እማማ እስር ቤት አንድ ዘበኛ ሊያናድዳቸው የተናገረውን ነገሩን። ከእናንተ አንዷ ልጇን በፊት በር አስገብታለች፣ አልጋም ተሰጥቷታል፣ የአልጋው ዋጋ እናንተ ናችሁ አላቸው። ማን እንደሆነች ግን አልነገራቸውም። የእማማ ታናሽ እህትም እዚያው ማጠቢያ ቤት ነበረች፤ ልጇ ያን ሰሞን በጠና ታማ ድናለች። እማማ ሲፈቱ መጀመሪያ የሄዱት እህታቸው ደጃፍ ነው። «አንቺ ነሽ» አሏት። እህትየዋ ማለች፣ ተገዘተች፣ እግራቸው ላይ ወደቀች። አላመኗትም። አንድ መንገድ ላይ እየኖሩ ሰላም ሳይባባሉ አረጁ። ስትታመም ብታስጠራቸው አልሄዱም። በቀብሯ ዕለት ከሰው ኋላ ቆመው ተመለሱ። «ልክ ከሆንኩ እህቴ ሸጣኛለች፣ ከተሳሳትኩ ደግሞ እኔ ገድያታለሁ። የትኛው እንደሆነ ሳላውቀው ልሞት ነው» አሉን።

ክፍሉ ተናወጠ። ጠበቃዋ ዓይኗ እንባ ሞልቶ «ከዳተኛ!» አለች። ልጆቹ ሁሉ ተቀበሏት። እኔ፣ እማ፣ ጠመኔ ይዤ ነበር፣ መቼ እንደወደቀ አላውቅም።

በልጅነቴ ሲያስፈራኝ፣ ሲያስከፋኝ፣ ሲያመኝ የምትነግሪኝ ታሪክ አለ። ከጆሮዬ ሥር አብጦ ትንፋሽ አጥሮኝ፣ ሐኪሙ ራሱ ወጥቶ በፊት በር እንዳስገባን። እብጠቱን ቀድዶ መስኮት አጠገብ እንዳስተኛኝ፤ ጠባሳው ዛሬም አንገቴ ላይ አለ፣ በሻርፕ ነው የምሸፍነው። «ደረቅ ነጭ አንሶላ ላይ» ትይ ነበር ሁልጊዜ። አንሶላ ደረቅ ካልሆነ ምን ሊሆን ኖሯል እያልኩ እስቅብሽ ነበር። ከዚያ በሳምንቱ ከተማ ቀየርን፤ ለማስተማር ወደዚህ የተመለስኩት እኔ ብቻ ነኝ።

እማማ የነገሩን ዕለት ማታ ደወልኩልሽ። ያን ታሪክ ንገሪኝ አልኩሽ። ደስ አለሽ፣ ጀመርሽልኝ። በየትኛው በር ነበር የገባነው ስልሽ መስመሩ ይቆራረጣል ብለሽ ዘጋሽው። መስመሩ ደህና ነበር እማ። ጎረቤትሽ ዕቃ ስታጥብ ሁሉ ይሰማኝ ነበር።

ሳምንቱን እንዴት እንዳለፍኩት አልነግርሽም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወውም ዳድቶኝ ነበር። አሮጊቷ ዛሬ ነገ ናቸው፣ እህትየዋ አፈር ከሆነች ቆይታለች፣ አንቺ ደግሞ እናቴ ነሽ። ማን ይጠይቀኛል አልኩ።

እማማ በቀናቸው መጡ። ታሪካቸውን ሊመልስ የተነሳው ፈላስፋው የምንለው ተማሪ ነው። ነገር ማሳመር የሚወድ ልጅ ነው፣ «እኔ ደረቴን ነፍቼ ከጥበቃዎቹ ፊት ቆምኩ» ብሎ ጀመረ። እማማ አቋረጡት። «አይ ልጄ፣ አልቆምኩም። የአንሶላ ቅርጫት ኋላ ተደብቄ ነበር። ጎትተው ነው ያወጡኝ፣ እንዳይወስዱኝም የአንዱን ጫማ ይዤ ለምኛለሁ» አሉት። የሳቀ የለም። ፈላስፋው እንደገና ጀመረ። «እኔ ቅርጫት ኋላ ተደብቄ ነበር» ሲል ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ። ያን ቀን ያ ልጅ የተማረውን እኔ ዓመቱን ሙሉ ብለፈልፍ አላስተምረውም። «አዎ፣ እንዲህ ነበር» አሉት፣ ተቀመጠ። አንዱ ዘበኛውን፣ አንዷ እህትየዋን ወስደው «እኔ» እያሉ መለሱ።

የቀረችው አንድ ሰው ናት። «የተናገረችባቸውን ማን ይወስዳል?» አልኩ። ሁሉም ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ። ጠበቃዋን አየኋት፣ «እኔ ሞቼ ነው እሷን እኔ የምላት!» አለችኝ። ሕጋችን ሕግ ነው አልኩ። የተነሳ የለም። እማማም በር በሩን ያያሉ፤ ስንት ዓመት የጠበቁት ሰው አሁን የሚገባ ይመስል።

ብድግ አልኩ እማ። ያሰብኩበት ነገር አይደለም። እግሬ ነው የተነሳው።

«እኔ ማጠቢያ ቤት ነበር የምሠራው» አልኩ። «ልጄ ከጆሮዋ ሥር አብጣ ውሃ መዋጥ አቅቷት ነበር። የባልደረባዬ ልጅ ቆርቆሮው ክፍል ውስጥ እንደሞተች አውቃለሁ። የፊት በሩ ተከፈተልኝ። ልጄን አቅፌ ገባሁ። መስኮት አጠገብ አስተኙልኝ። በሆስፒታሉ ሁሉ እርጥብ አንሶላ እያለ የእሷ ደረቅ ነበር።»

ከዚህ በላይ የማውቀው የለም። ስማቸውን በሩ ላይ ነው የጠራሽው ወይስ ከገባሽ በኋላ? አልቅሰሽ ነበር? ለምነሻቸው ነበር ወይስ እነሱ ናቸው የመጡብሽ? ያልሰማሁትን መጨመር ክልክል ነው፣ ስለዚህ ቆሜ ቀረሁ። እጄ ሳላስበው አንገቴ ላይ ሄዶ ኖሯል፣ ሻርፔ ወርዷል። እማማ ጠባሳውን አዩት። ከዚያ ፊቴን አዩት፣ ቀስ ብለው፣ ሰው የሚያውቀውን ሰው በሕዝብ መሃል እንደሚፈልግ።

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ይትፉብኝም አልኩ በልቤ። «ልጅቷስ?» አሉኝ። «ዳነች?»

«ድናለች እማማ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው እህቴ አይደለችም» አሉና ፊታቸውን በነጠላ ሳይሸፍኑ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት እንደ ሕፃን አለቀሱ። ማልቀሱ የማያልቅ መሰለኝ።  ደወሉ ተደውሎ እንኳ የወጣ የለም። ጠበቃዋ በመጨረሻ አጠገቤ መጥታ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «መምህር፣ በእሷ ቦታ እኔ ብሆንስ?» አለችኝ። 

እማማ ሲሄዱ እጄን ይዘው ስላንቺ ክፉም ደግም አልተናገሩም። ያሉኝ ይህን ብቻ ነው። በመጪው ወር የመጀመሪያ እሑድ ወደ እህታቸው መቃብር ይሄዳሉ። «ብቻዬን ይቅር በይኝ ልላት ፊት የለኝም። የልጅቷ እናት ትምጣ። ሁለታችን ነን የገደልናት» አሉኝ።

እህታቸው እንደተጠረጠረች ታውቂ ነበር? አታውቂም ብዬ ማመን እፈልጋለሁ፤ ግን አንቺው ንገሪኝ። አልፈርድብሽም ብዬ አልዋሽሽም። እፈርድብሻለሁ። ተናድጄብሻለሁ፣ ሌሊት ሁሉ በልቤ ስጣላሽ ነው የማድረው። ከዚያ ደግሞ የምናደደው በሕይወት ስላለሁ መሆኑ ትዝ ይለኛል። ልጇ ቆርቆሮው ክፍል የሞተችባት ሴትዮ ቦታ ሆነሽ እኔን እቅፍሽ ውስጥ ስሞት ብታዪኝ ኖሮ ምን ልልሽ ነበር? ምንም አልልሽም ነበር፣ የለሁማ።

የአውቶቡሱን መነሻ ታውቂዋለሽ፣ ከመናኸሪያው እኔ እቀበልሻለሁ። ከመጣሽ መሃላችሁ ቆሜ ሁለታችሁንም እደግፋለሁ። ካልመጣሽ ከእማማ ጋር እኔ እሄዳለሁ፣ የማውቀውንም ያህል እላለሁ። የማላውቀው ግን አንቺ ጋ ብቻ ነው ያለው።

ፈጣሪ ለጉልበትሽም ለልብሽም ብርታት ይስጥልኝ። ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ከመታረቅ የሚተርፍ ዕድሜ ያድርገው። መድኃኒትሽን ዋጪ።

በናፍቆት፣

የዳነችው ልጅሽ