የሎሚን ነገር ሳትሰማ ሄድክ

ይመሬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ አማርኛዬ አሳፍሮኝ አይደለም፤ እሱንማ አንተው እያረምክ ነው ያቀናኸው። ለለቀስተኛው ሁሉ “ነበረ፣ ነበረ” እያልኩ ስናገር ከርሜ፣ ተመልሼ “አንተ” ማለት ስለከበደኝ ነው።

ቤታችን ተቀያይሯል። ልጃችን ፈቲያ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ግንባሯ ያንተ ነው። ከዓይናለም የሚመጣው የቧንቧ ውሃ እንደ ድሮው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል፤ በርሜሉን የምሞላው ግን ብቻዬን ነኝ። የስፌት መኪናህን ለወንድምህ ሰጠሁት። ሌላ ሰው ሲያንቀሳቅሰው መስማት አልቻልኩም። ካሴቶችህን ግን ማንም አልነካቸውም። ፈቲያ “እማ፣ አሁን እኮ ሰው ሁሉ በፍላሽ ነው የሚሰማው” ትለኛለች። እንኳን በፍላሽ፣ በዚያን ጊዜም ቢሆን ከአንተ በቀር የሚሰማቸው አልነበረም።

ትዝ ይልሃል፣ ቀሚስ ላስጠብብ ሱቅህ የገባሁ ዕለት? ቴፑ ውስጥ ሰምቻት የማላውቃት ሴት ትዘፍን ነበር። የመጣሁበትን ረስቼ ቆምኩ። ማን ናት ብዬ ስጠይቅህ “ሎሚ ትባላለች፤ አንድ ካሴት ብቻ ነው ያወጣችው፣ እሱንም ማንም አልገዛው” አልከኝ፤ የራስህን እህት የምታሞግስ ነበር የምትመስለው። መቐለ ሁሉ ታዋቂዎቹን ሲያስጮኽ፣ አንተ ካሴት ሻጩ ዘንድ እየሄድክ አቧራ የጠጡትን ትለቅም ነበር።

ፈቲያ የተወለደች ሰሞን ያን ድምፁ የሻከረ ሰውዬ ከፈትክላት። “ይሄ ሰው የሚዘፍን ሳይሆን የሚያለቅስ ነው የሚመስለው” ብልህ ሳቅክ፤ ልጅቷ ግን በሱ ተኛች። ደሴ እናትህ አርፈው ቀብራቸው ካለፈ በኋላ የሰማህ ጊዜ ደግሞ፣ ያን ቃል የሌለውን የማሲንቆ ካሴት እያገላበጥክ ዋልክ። መኪናውን ትረግጣለህ፤ ከመርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም። በሩ ላይ ቆሜ አየሁህና ሳልገባ ተመለስኩ።

ከዚያ ሎሚን አገኘሃት። ሰሜን ገበያ በርበሬ ልትገዛ ሄደህ፣ አንዲት ነጋዴ ቅመም እየነፋች ስታንጎራጉር ሰማህ። በርበሬውን ሳትገዛ ነበር ቤት የገባኸው። “ሳዲያ፣ እሷ ናት” አልከኝ። በማግስቱ ካሴቱን ይዘህላት ሄድክ። ሽፋኑ ላይ ያለውን የገዛ ፎቶዋን ትክ ብላ አየችና “እኔ አይደለሁም፤ ሰው ተመሳስሎብህ ነው ሓወይ፣ ወንድሜ” ብላ መለሰችልህ። ያን ዕለት ራት አልበላህም። “አስከፋኋት። የዳነ ቁስል ነካሁባት” ብቻ ትል ነበር። በዚያ ገበያ በኩል ማለፍም ተውክ።

ኩላሊትህ ታሞ ዓይደር ሆስፒታል ስትተኛ እንኳ ያቺ ሴት ከአእምሮህ አልወጣችም። “ይቅርታ ሳልጠይቃት” ስትለኝ አላስቻለኝም፤ ሳልነግርህ በባጃጅ ሄድኩ። “ባሌ በጠና ታሟል። ዝፈኚ አልልሽም። አልተቀየምኩህም ብቻ በይው” አልኳት። በርበሬውን መስፈር ሳታቆም “እስቲ ላስብበት” አለችኝ። ተመልሼ ሰው ሊጠይቅህ ይመጣል አልኩህ፤ ምነው አፌን በቆረጠው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትል ጀመር። ነርስ ይሆናል፤ የሌላ ሰው ጠያቂ ይሆናል። ቀና እንዳልክ፣ እሷ ሳትመጣ፣ አንድ ጠዋት ሄድክ።

ለቅሶ መጣች። አወቅኳት፤ ፊቴን አዞርኩባት። ሰው ሁሉ ከቀረ በኋላ ግን፣ ወራት ቆይታ፣ ብቻዋን መጣች። ግቢ ለማለት አፌ እምቢ ስላለኝ በሩን ብቻ ለቀቅኩላት።

“ዓይደር በሩ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ” አለችኝ። “ዘፋኝ እንደነበርኩ ባሌም ልጆቼም አያውቁም። በሽተኛ ፊት ቆሜ ዳግመኛ ‘እኔ አይደለሁም’ ብዬ እንዳልዋሽ ፈራሁ።”

ይመሬ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ነው። አንተ ካሴቱን ይዘህ የሄድክ ዕለት ሎሚ መደቧን ዘግታ ቤቷ ገባች። ማንም አልነበረም። ከዚያ ካሴት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ እስኪዘጋ ዘፈነች። “የተውኩት የሚሰማኝ የለም ብዬ ነበር” አለችኝ። “እሱ ግን በርበሬ ስነፋ ለየኝ። ደንግጬ ነው የካድኩት። አላስከፋኝም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።”

አላስከፋሃትም። አየህ? አላስከፋሃትም።

“ታዲያ ይህን በሕይወቱ ሳለ ብትነግሪው ምን ነበረበት?” አልኳት። አንገቷን ደፋች። እኔም ከዚያ በላይ መቆጣት አቃተኝ። ቆይታ ካሴቱን ልስማው ብላ ለመነችኝ፤ እሷ ዘንድ አንድም ቅጂ የለም። ከፈትኩላት። ክሩ ስለላላ ድምፁ ይዋልላል። ሁለታችንም አለቀስን፤ እሷ ለራሷ፣ እኔ ላንተ።

ዓርብ መቃብርህ ድረስ ሄጄ ነገርኩህ። ዱዓ አድርጌ ጮክ ብዬ ነገርኩህ። ወደ ቤት ስመለስ ግን የነገርኩህ አልመሰለኝም፤ ስለዚህ ይኸው ጻፍኩት። ያቺን አንዲት ቃል ሰምተህ ቢሆን ኖሮ ያ ጠዋት ይቀልልህ ነበር ይሆን እያልኩ እንገበገባለሁ። አላውቅም። የሚነግረኝም የለም።

የፈቲያ ልጅ ስታድግ አያትሽ እንዲህ ያለ ጆሮ ነበረው ብዬ እነግራታለሁ። ደሴ ተወልዶ መቐለ ያረፈ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሰው የጣለውን ድምፅ የሚያነሳ። እኔ እስካለሁ ይህ ቤት ስምህ ሳይጠራበት አይመሽም። አላህ ይርሐምህ፣ የኔ ጌታ።

ያንተዋ
ሳዲያ